ከመልክ በፊት ሥራ፦ የሽቦ ጸጉር አዳኝ ውሻ አመጣጥና ለእርባታ የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

የእንስሳት ዝርያ የሚጸናው በመልክ መመሳሰል ነው ወይስ በሥራ ብቃት? በደሴ ፒያሳም ሆነ በዙሪያው ገጠር ውሻ በዋናነት የሚያዘው ለጥበቃ በመሆኑ፣ ጥያቄው ከውሻ ይልቅ በበግ እርባታ ላይ ይነሣል። ይሁን እንጂ ጥያቄው በግልጽ የተፈተነው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በጀርመን አገር፣ ሻካራ ጸጉር ባላቸው አዳኝ ውሾች ላይ ነው።

ሁለት መንገዶች

ከ1848ቱ (እ.ኤ.አ.) አብዮት በኋላ የአደን መብት ከመሳፍንት እጅ ወጥቶ ከመሬት ባለቤትነት ጋር ተያያዘ። አዲሱ አዳኝ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ውሻ ለመያዝ አቅም አልነበረውም። ስለዚህ አውሬን በሽታ ፈልጎ የሚያመለክት፣ የቆሰለውን ተከታትሎ የሚያገኝ፣ ከውኃም ከደረቅ መሬትም ግዳይ የሚያመጣ አንድ ውሻ ተፈለገ። ሻካራው ጸጉርም ከእሾህና ከብርድ ይከላከልለታል።

ሆላንዳዊው ኤድዋርድ ኮርታልስ እ.ኤ.አ. በ1874 «ሙሽ» በተባለች ውሻ ሥራውን ጀመረ። ጥቂት ምርጥ ውሾችን በቅርብ ዝምድና እያዳቀለ፣ ደካማውን እያስወገደ፣ ግሪፎን የተባለውን ዝርያ አጸና። የዝርያው መለኪያም በ1887 ወጣ።

ሁለተኛው መንገድ ተቃራኒ ነበር። «ሄገዋልድ» በሚል የብዕር ስም ይጽፍ የነበረው ሲጊስሙንድ ፎን ዘድሊትዝ ዝርያ በሥራ ብቃት በኩል እንዲገኝ ተከራከረ። በ1902 የተቋቋመው የድራትሃር አርቢዎች ማኅበር ይህንኑ ተከትሎ ግሪፎንን፣ ፑደልፖይንተርን፣ ሽቲኽልሃርንና አጭር ጸጉሩን ኩርትስሃርን አዳቀለ። ተቺዎች «ድብልቅ» ብለው ቢነቅፉትም፣ ድራትሃር በጀርመን በብዛት ከሚያዙት አዳኝ ውሾች ግንባር ቀደም ለመሆን በቅቷል። ዛሬም ለመራቢያነት የሚፈቀደው በመስክና በውኃ የሥራ ፈተና ላለፈ፣ ጸጉሩና አካሉም ለተመረመረ ውሻ ብቻ ነው።

የጸጉሩ ዘረመል

በ2009 ከ80 ዝርያዎች በተውጣጡ ከ1000 በላይ ውሾች ላይ የተካሄደ ጥናት የውሻ ጸጉር ልዩነት በአብዛኛው ከሦስት ጂኖች እንደሚመነጭ አሳየ። ጢምንና ቅንድብን የሚያስረዝመው ገዢ ለውጥ አርኤስፒኦ2 በተባለው ጂን ውስጥ ይገኛል፤ የጸጉርን ርዝመት ኤፍጂኤፍ5፣ ጥቅልልነትን ደግሞ ኬአርቲ71 ይወስናሉ። ገዢ ለውጥ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ስለሚገለጥ፣ ጢማሙ መልክ በአንድ ትውልድ ሊገኝ ይችላል። የማሽተት ኃይል፣ ጽናትና ታዛዥነት ግን ከብዙ ጂኖችና ከሥልጠና የሚመጡ ናቸው። በመልክ ብቻ የሚመርጥ አርቢ እንግዲህ ቀላሉን ይዞ ከባዱን ይስታል።

ለእርባታ ያለው ትርጉም

ለወሎ ጎረቤት በሆነው በመንዝ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተካሄደው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ማሻሻያ መርሐ ግብር በተመሳሳይ መርሕ ይመራል። የግልገሎች ክብደት ይመዘገባል፤ አርሶ አደሮች በመዝገቡ ላይ ተመሥርተው አውራ በጎችን ይመርጣሉ፤ የተመረጡትንም በጋራ ይጠቀማሉ። አርሶ አደሩ ለቀለም፣ ለጭራና ለቀንድ የሚሰጠው ግምት በገበያ ዋጋ ስላለው ሊናቅ አይገባም፤ ሆኖም ከምርት መዝገብ ቀድሞ ሲመጣ ማሻሻያውን ያዘገየዋል።

የሁለቱ ውሾች ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምራል። የኮርታልስ ዝግ መንገድ ወጥነትን በፍጥነት ቢያስገኝም በዝምድና መራባት ያጠብባል፤ የድራትሃር ክፍት መንገድ ብዝኃነትን ቢያስገባም ያለ ጥብቅ ፈተና ወደ መደባለቅ ብቻ ይመራል። በደቡብ ወሎ የሚታሰብ ማንኛውም የዝርያ ማሻሻያም ከማዳቀሉ አስቀድሞ ፈተናውንና መዝገቡን ማዘጋጀት ይኖርበታል።