ከመክፈልሽ በፊት ገልብጪው

ቆዪ እታለም፣ ቦርሳሽን ገና አትክፈቺ። የዚህ ሰማያዊ ሳህን ሥዕል ልብሽን እንደወሰደው አይቻለሁ፤ ጄኔራል ላፋዬት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1824 ኒውዮርክ ሲደርስ፣ መርከቦቹም ወደቡን ሞልተውት። ያምራል። እንግሊዝን የወጋውን ጄኔራል ሥዕል አትመው ለአሜሪካኖች የሸጡት ራሳቸው እንግሊዞች ናቸው! ከአሜሪካ ጋር የተደረገው የ1812ቱ ጦርነት ካበቃ በኋላ የስታፎርድሻየር ሸክላ ሠሪዎች ያንን ገበያ በጣም ይፈልጉት ነበር።

አሁን ገልብጪው። ሸክላው እርጥብ ሳለ የተጫነ «ክሉውስ» የሚል ማኅተም ካገኘሽ ጥሩ ምልክት ነው፤ ይህን ሥዕል ያወጡት ኮብሪጅ የነበሩት ጄምስና ራልፍ ክሉውስ ናቸውና። «ኢንግላንድ» የሚል ካለበት ግን ተጠንቀቂ። የመጣበትን አገር ስም መጻፍ ግዴታ ያደረገው በ1890 የወጣው የአሜሪካ ቀረጥ ሕግ ነው፤ ስለዚህ በእጅሽ ያለው ምናልባት ኋላ የተሠራ መታሰቢያ ነው። ከወደድሽው ግዢው፣ በመታሰቢያ ዋጋ ግን።

ጠርዙን ደግሞ ዙሪያውን እዪው። እዚህ ጋ፣ አበባው እኩሌታው ላይ ተቆርጦ ከማይገናኘው ቅጠል ጋር ተገጥሟል፤ አየሽው? እንከን እንዳይመስልሽ። ሥዕሉ ከመዳብ ሰሌዳ ላይ በስስ ወረቀት ይነሣና በተተኮሰው ሸክላ ላይ ተለጥፎ ይታሻል፤ ከዚያ ወረቀቱ በውኃ ይነሣል። የጠርዙ ወረቀት ለብቻው ስለሚቆረጥ ጫፎቹ አንዳንዴ አይገጥሙም። ይህን የመለጠፍ ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶች ነበሩ። እኔ ከጄኔራሉ ይልቅ ያቺን መገጣጠሚያ ነው የምወዳት፤ አንዲት ሴት ቸኩላ መቀሷን ያሳረፈችበት ቦታ ነው። ሰማያዊው ትንሽ መደብዘዙም አያስደንግጥሽ፤ ኮባልት ከላዩ ባለው መስታወታማ ልባስ ውስጥ ይፈስሳል።

በጣትሽ አንኳኪው። ጥርት ብሎ ካልጮኸ ምናልባት ስንጥቅ አለበት፤ ቀለም ቀብተው የደበቁት ጥገናም ሊሆን ይችላል። ሻጩን በግልጽ ጠይቂው፤ ቅር አይበልሽ።

እቤት ስትገቢ ቡናማውን እድፍ በበረኪና አስለቅቃለሁ እንዳትዪ፤ በስንጥቁ ገብቶ ልባሱን ይልጠዋል። ምግብም አታቅርቢበት፣ በተለይ ሎሚ ወይም ቲማቲም ያለበትን፤ የዚያ ዘመን ልባስ እርሳስ አለበት። ግድግዳ ላይ ከሰቀልሽው ባዶ ሽቦ ጠርዙን ስለሚፍቀው፣ ጫፉ በፕላስቲክ የተሸፈነ መስቀያ ፈልጊ።