ምዕራፍ ሰባት፦ ለቪዲዮ ካሜራ የውጭ ማይክሮፎን ስለ መምረጥ

ሥዕልና ድምፅ በአንድ የቪዲዮ ካሜራ ውስጥ አብረው ቢቀረጹም ጠባያቸው ለየቅል ነው፤ የካሜራው ዐይን ባለቤቱ ካለበት ሳይነቃነቅ ሩቁን አቅርቦ ሊያሳይ ሲችል፣ ጆሮው ግን ካሜራው ከቆመበት ስፍራ አንዲት ስንዝር እንኳ ወደ ፊት ሊራመድ አይቻለውም። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር ከተማ የበዓሉን ማኅሌት፣ ከምእመናኑ ብዛት የተነሣ ከኋላ ቆሞ የቀረጸ ሰው፣ ቤቱ ገብቶ ሲመለከተው የመሪጌታውን ከንፈር በቅርብ እያየ፣ የሚሰማው ግን አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ሳልና ሹክሹክታ፣ አልፎ አልፎም የገዛ ካሜራው ማቅረቢያ ሞተር ጉርምርምታ የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው።

በገላጣ ስፍራ፣ በድምፁ ምንጭና በማይክሮፎኑ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፁ ልክ በ6 ዴሲቤል ይወድቃል፤ ከ1 ሜትር ወደ 8 ሜትር ማፈግፈግ እንግዲህ 18 ዴሲቤል ያስከፍላል። ይህን ኪሳራ በዋጋው ውድነት የሚመልስ ማይክሮፎን የለምና፣ ገዢው ከፋብሪካው ስም አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ወደ ተናጋሪው አፍ ምን ያህል ሊቀርብ እንደሚፈቀድለት ነው።

አንድ የቅኔ መምህር ወይም አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ተቀምጠው ታሪክ የሚነግሩ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከልብስ ላይ የሚሰካው ትንሹ ማይክ ይበቃል። ከእነዚህ አንዱ ቦያ ቢዋይ ኤም1 የተባለው፣ 6 ሜትር ገመድ ያለው ሲሆን፣ ከካሜራ ጋር ሲሠራ ማብሪያው ወደ ካሜራው ምልክት ካልተገፋ ኤልአር44 የምትባለው ትንሽ ባትሪው አገልግሎት አትሰጥም። ማይኩ ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ደረት ላይ ይሰካል፤ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ እንደ ሆኑ ግን የጋቢው መፋተግ ንግግሩን ስለሚያበላሸው፣ ወደ ትከሻቸው መለስ እንዲያደርጉት በትሕትና መለመን ያስፈልጋል።

የሚከብደው ማኅሌት ነው። ደብረ ታቦር የተክሌ አቋቋም ምስክር ናት፤ አለቃ ገብረ ሃና እንደ ጀመሩትና ልጃቸው ተክሌ እንዳስተማሩት የሚነገርለት ይህ ሥርዓት፣ መዘምራኑ ከነመቋሚያቸው ዘንበል ቀና እያሉ የሚያሸበሽቡበት ስለ ሆነ፣ የአንዱ አፍ ለማይክሮፎኑ ቀርቦ ወዲያው ይርቃል፤ ለዚያ ሁሉ ሊቅ በየደረቱ ማይክ ይሰካ ዘንድም አይቻልም። ብዙ ካሜራ ማን በዚህ ጊዜ ሾትገን የሚባለውን ረጅም ማይክ ገዝቶ ካሜራው ላይ ይጭንና፣ ድምፁን እንደ መነጽር እንዲያቀርብለት ይጠብቃል። ሾትገን ግን ከጎን የሚመጣውን ያዳክማል እንጂ ከፊት ያለውን አያቀርብም፤ ድምፅ በሚያስተጋባ ቤት ውስጥ ደግሞ ነጸብራቁ ከፊትም ስለሚገባ ያ ብልጫው ራሱ ይጎድላል። በእኔ ግምት የሚሻለው፣ የካህናቱ ፈቃድ ተጠይቆ፣ ተራ ስቴሪዮ ማይክ በረጅም ገመድ ተስቦ ከመዘምራኑ ራስ በላይ በማቆሚያ እንዲቆም ማድረግ ነው፤ በዚህ ከፍታ የሁሉም አፍ ርቀት ይቀራረባል፣ ከበሮውም ከታች ስለሚቀር የዜማውን ጣዕም አይውጠውም። ከማቆሚያው እግር ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ ይነጠፍ፤ መቋሚያው ምድሩን በመታ ቁጥር ጉምጉምታው በብረቱ ወጥቶ ማይክሮፎኑ ዘንድ ይደርሳልና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዜማን የሚያጠፋው፣ ካሜራው የድምፁን መጠን በራሱ ሥልጣን የሚለዋውጥበት ሥርዓት ነው። ከበሮው ሲመታ ደንግጦ መጠኑን ይቀንሳል፤ ከበሮው ጋብ ሲል ቀስ እያለ ይመልሰዋል፤ ዜማውም በየምቱ ሲሰምጥና ሲወጣ ይሰማል። በቡሄ ሰሞን ደግሞ የጅራፍ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ የሚጮኽ ስለ ሆነ፣ ከአንድ ጩኸት በኋላ የልጆቹ ሆያ ሆዬ ለጥቂት ጊዜ ይከስማል። ስለዚህ መጠኑን በእጅ ለመወሰን የሚፈቅድ፣ የሄድፎን ቀዳዳም ያለው ካሜራ መያዝ ከማይክሮፎኑ ማዕረግ ይቀድማል።

ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታይበት ይህ ደጋ ነፋስ አያጣውም፤ ከማይኩ ጋር የሚሰጠው ስፖንጅ ለቤት ውስጥ ቢበቃም፣ ለሜዳ ጠጉራሙ ልባስ ያሻል። ካሜራው ውስጥ ያለው የነፋስ መቀነሻ ግን የከበሮውን ወፍራም ድምፅ አብሮ ይሸልታል።

ከመግዛት በፊት ቀዳዳው ይታይ። ብዙው የቤት ካሜራ የ3.5 ሚሊሜትር የማይክ ቀዳዳ አለው፤ ጨርሶ የሌለውም አለ፤ ለዚህኛው ድምፁን በስልክ ለብቻ ቀድቶ ኋላ ከሥዕሉ ጋር ማገጣጠም ይቀላል። ለስልክ ብቻ የተሠራ ማይክ ጫፉ ላይ ሦስት የመለያያ ቀለበት ሲኖረው፣ ለካሜራ የሚስማማው ሁለት ነው። ከደብሩ ሚክሰር ገመድ ስቦ በቀጥታ ወደ ማይክ ቀዳዳ መስደድም አያዋጣም፤ ከዚያ የሚወጣው ኃይል ብርቱ ስለ ሆነ በመካከል ማዳከሚያ ካልገባ ድምፁ ተሰነጣጥቆ ይቀረጻል። ሱቅ ሲኬድ ካሜራው፣ ሄድፎኑና የተሞላ ባትሪ አብረው ይሂዱ፤ ማይኩ ተሰክቶ፣ ሻጩ ራቅ ብሎ እንዲናገር ተደርጎ፣ የተቀዳው እዚያው ከተደመጠ በኋላ ገንዘቡ ይከፈላል።