ዒድን የሰጠን ማን ነው?

 

ሱረቱል ከህፍን ቀርታችሁ ስትጨርሱ አንድ ጥያቄ አብረን እናስብ። ዛሬ ዒድ ሲደርስ ቢሮ ይዘጋል፣ ልጆችም ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ለመሆኑ ይህን በዓል ብሔራዊ በዓል ያደረገው የትኛው መንግሥት ይመስላችኋል? በፈጣሪ ስም ዘውድ የጫነው? አይደለም። ደርግ ነው፤ ያ ማርክስንና ሌኒንን ያነገሠው ደርግ።

መጀመሪያ ስሰማ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንዱን ሃይማኖት ብቻ የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነበር። የኛ አባቶችና እናቶች ደግሞ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ይባሉ ነበር። ልብ በሉ፣ የሚኖሩ! እንደ ተከራይ። ሶሐቦች ወደ ነጃሺ ሀገር የተሰደዱት እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ነው። እስልምና መዲና ከመግባቱ በፊት ሐበሻን ረግጧል ማለት ነው። ሱብሐነላህ! የገዛ ዘመዶቻቸው መካ ላይ ሲያሰቃዩዋቸው መጠጊያ የሰጣቸው ክርስቲያን ንጉሥ ነበር። የዚያው ሀገር ሙስሊም ግን ከ1300 ዓመት በላይ ቆይቶም እንግዳ ተባለ።

ከዚያ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 መጣ። አዲስ አበባ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ወጣ። የጠየቁት ብዙ ነው፦ ዒዶቻችንና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ይሁኑ፣ የራሳችን የሃይማኖት ተቋም ይኑረን፣ በመንግሥት ሥራ እኩል እንታይ፣ ስማችንም «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ይባል። ብዙ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰልፈዋል፤ ይህን ሳንጠቅስ ብናልፍ ሐቅ መደበቅ ይሆንብናል።

ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ወረዱ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ በሀገሪቱ የበዓላት መዝገብ ገቡ። ያው መንግሥት ግን ሶሻሊዝምን አወጀ፣ ወጣቱን ፈጣሪ የለም የሚል ትምህርት አስተማረ፣ ሐጅንም የጥቂቶች ዕድል አደረገው። የዒዱ ቀን ተከበረ፣ የዒዱ ባለቤት ግን ተካደ።

ታዲያ ለደርግ ውለታ አለብን? አንዳንድ ሽማግሌዎች «ምንም ቢሆን ዒዳችንን ሰጥቶናል» ይላሉ። ከዒድ ሰላት ወጥተው በቀጥታ ወደ ሥራ ገበታ ይሮጡ የነበሩ ሰዎች ይህን ቢሉ አልፈርድባቸውም። እኔን ግን የሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ ያስቆመኛል። አላህ (ሱ.ወ) ሙሳን ያሳደገው ወንድ ልጆችን በሚያርደው በፊርዐውን ቤት ነው፤ ጠላቱ እየመገበ አሳደገው። ሙሳ ነቢይ ሆኖ ሲመለስ ፊርዐውን ያን አስተዳደግ እንደ ውለታ ቆጠረበት። ሙሳ ቤቱ ማደጉን አልካደም። ይልቅ፣ ወገኖቼን ባሪያ አድርገህ ሳለ ይህን ውለታ ብለህ ትመጻደቅብኛለህን? የሚል መልስ ሰጠው። ልብ በሉ፣ ሙሳ እናቱ እቅፍ ሳይሆን እዚያ ቤት ያደገው ፊርዐውን ራሱ ባወጣው የግድያ ትእዛዝ የተነሳ ነው። ዒዱም «ተሰጠ» የተባለው ቀድሞ ስለተነፈገ ነው።

እንዲያውም ከጥያቄዎቹ አንዱ ደርግንም ኢሕአዴግንም አልፎ ቆይቷል። መጅሊሱ በ1968 ቢመሠረትም በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በ2012 ነው። በሚያዝያው ሰልፍ ላይ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ያን ቀን ያየው በ66 ዓመቱ ነው፤ ዕድሜ የሰጠው ከሆነ።

ዛሬ ከጁምዓ ሰላት በኋላ በመስጂዳችሁ ጥግ ከተቀመጡት አባቶች አንዱን ሰላም በሉና «አባባ፣ ሚያዝያ 12 እርስዎ የት ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤት ያሉትን እናቶችም አትርሱ፤ ያኔ ወጥተው የተሰለፉ እናቶች አሉ። አላህ ለሄዱት ይዘንላቸው፣ ላሉት ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አሚን።