«የት ነው የምትሠራው?» ሲሉኝ

ጥያቄ፦ በባሌ፣ አንገቱ ከተማ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የደን ባለሙያ ነኝ። ሰው የት እንደምሠራ ሲጠይቀኝ «እዚሁ፣ መንግሥት ቤት» ብዬ አልፋለሁ። በመሥሪያ ቤቴ መኩራት ያቃተኝ ለምን ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስሜትዎ የስንፍና ምልክት አይደለም። የደመወዝ አለመብቃት አንዱ ምክንያት ነው፤ እሱን በምክር መፍታት አይቻልም። ሠራተኛን ከመሥሪያ ቤቱ የሚያርቀው ግን ብዙ ጊዜ የሥራውን ፍሬ አለማየቱ ነው፤ ሪፖርቱ ወደ ዞን ይሄዳል፣ መልስ የለም። የእርስዎ ሥራ ደግሞ ፍሬው በዓይን የሚታይ ነው። በአካባቢዎ ያለውን የሀረና ደን ያቀፈው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በደኑ ዛፎች ጥላ ሥር የሚለቀመው የጫካ ቡናም የብዙ ቤተሰብ ገቢ ነው፤ ደኑ ከተመነጠረ ቡናው የለም።

ስለዚህ ቡና በሚለቀምበት ወቅት ከቢሮ ወጣ ብለው ከለቃሚዎቹ ጋር ቢያወጉ ጥሩ ነው፤ የሥራዎን ውጤት ከእነሱ አፍ ይሰሙታል። ኃላፊዎንም የአፈጻጸም ነጥቡን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ይጠይቁ። ነገሩ የዕድገት ወይም የዝውውር በደል ከሆነ ግን አቤቱታዎን በጽሑፍ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቅርቡ፤ ካልተፈታ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለሳምንታት ከራቀዎት ጎባ ወይም ሮቤ ወጥተው ሐኪም ያነጋግሩ።