የአቢሲኒያ ድመት አራብቶ መሸጥ፦ ከመወሰናችሁ በፊት

ከደባርቅ በውስጥ መስመር የደረሰኝ ጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ የአቢሲኒያ ድመት ውጭ ሀገር በውድ ይሸጣል አሉ። የኛው ዝርያ ከሆነ ቤቴ አራብቼ ለሰሜን ተራሮች ቱሪስቶች ብሸጥስ? ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ለእሷ ችግር አለው?»

ዋናዋ ጥያቄ የመጨረሻዋ ናት፤ ከእሷ እንጀምር።

1. እርግዝና

ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተህዋስ አለ። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ወደ ፅንሱ ሊተላለፍ ይችላል፤ ውርጃ ሊያመጣ፣ የልጁን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል።

ድመት ተህዋሱን በዓይነ ምድሯ የምታወጣው በአብዛኛው መጀመሪያ ስትያዝ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይቆያል። ይህም ብዙ ጊዜ ግልገሏ አይጥ ማደን ስትጀምር ይሆናል። ስለዚህ አንዲት ያደገች ድመት ቤት ውስጥ መኖሯ ያን ያህል አያስፈራም። የሚያራቡበት ቤት ግን ሁሌም አዲስ ግልገል አለበት፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ያለችውን ድመት አትጣሏት። ዓይነ ምድሯን ሌላ ሰው በየቀኑ ያንሳው፤ ተህዋሱ ሰው ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋልና። ጥሬ ሥጋ ለድመቷም ለነፍሰ ጡሯም አይሰጥ። ክትፎው ይብሰል፣ ሰላጣው በደንብ ይታጠብ።

2. የእብድ ውሻ በሽታ

ደባርቅም ዳባትም ውሻ እንደልቡ ይዞራል፤ የተነከሰች ድመት ደግሞ ሰው ልትነክስ ትችላለች። ግልገል በአብዛኛው የሚከተበው 3 ወር ሲሞላው ስለሆነ፣ በሁለት ወሩ የሚሸጥ ግልገል ሳይከተብ ነው የሚሄደው። ድመት ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ፀበሉን አልከለክልም፤ ክትባቱን ግን አያስቀር። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

3. ገበያው

ስሙ አቢሲኒያ ይሁን እንጂ ዝርያው ተመርጦ የተራባው እንግሊዝ ነው፤ የዘረመል ጥናትም መነሻውን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያመለክታል። የሰፈራችን አይጥ አዳኝ ድመት ሌላ ናት። እውነተኛዋን ብታገኙም፣ ከዝርያው የሚወረስ የደም ማነስና የዓይን መታወር አለ፤ ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ እያንዳንዱ ግልገል 25 በመቶ የመታመም ዕድል አለው። አውሮፓዊ ቱሪስትም ወዲያው ይዟት አይሄድም፦ ማይክሮቺፕ፣ ክትባት፣ ከ30 ቀን በኋላ የደም ምርመራ፣ ከዚያም 3 ወር መጠበቅ አለበት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ መልሴ «አሁን አይሆንም» ነው። ባለቤትህ በሰላም ትገላገል። ከዚያ በኋላም ሐሳቡ ካልለቀቀህ ድመት ከመግዛትህ በፊት የወረዳህን የእንስሳት ሐኪም አማክር፤ የክትባቱንና የቀለቡን ወጪ ደምር፣ ሳይሸጥ የሚቀረውን ግልገል ማን እንደሚይዘው ወስን። ወደ ፓርኩ ዳር መልቀቅ መፍትሔ አይደለም፤ በሽታው ለዱር እንስሳቱም ይተርፋል።

እርጉዝ ላለችበት ቤት ሼር አድርጉላቸው።