እንጅባራ ላይ የዓሣ ገንዳ ለማቆም

በቴሌቪዥን ያዩትን ባለቀለም የኮራል ዓሣ ሳሎንዎ ውስጥ ለማኖር ከተመኙ መጀመሪያ ሐምሌን ያስቡ። ይህ ዓሣ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። እንጅባራ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃው ይቀዘቅዛል። ጨውስ? የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ግን ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ሌሎች ማዕድናትም ስላሉበት የወጥ ጨው በጥብጦ ባሕር ማድረግ አይቻልም። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው ይገዛል፤ ለ100 ሊትር 3 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ውሃ በተቀየረ ቁጥርም እንደገና። እንደ እኔ ከሆነ እጅዎን በጎልድፊሽ ያፍታቱ። ብርዱን ይችለዋል።

ገንዳው 100 ሊትር ከያዘ ውሃው ብቻ 100 ኪሎ ነውና የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም፤ ጠንካራ መቆሚያ ያሠሩ። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር አያስቀምጡት፤ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ አንድ ሁለት ቀን አሳድረው ይሙሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፤ ገንዳው በሞላ ማግስት ዓሣ ያስገባል። የዓሣው ኩስና የተረፈው ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ገና አልተባዙም። ውሃው ጥርት ብሎ እያለ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከፈት ዘጋ ያደርጋል፤ በሳምንቱ ተንሳፎ ይገኛል። የእኔም የመጀመሪያዎቹ እንዲሁ ነው ያለቁት። ስለዚህ ማጣሪያውን ከስፖንጁ ጋር አስነስተው፣ ዓሣ ያልገባበት ገንዳ ውስጥ በየቀኑ ቁንጥር ምግብ እየጣሉ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠብቁ። በብርድ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ዓሣ ከሚያረባ ወዳጅዎ ያገለገለ ስፖንጅ ካገኙ ጊዜው ያጥራል።

ዓሣውን ሲያመጡ ፌስታሉን እንደታሰረ ገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ ያንሳፉት፤ ሙቀቱ ይስተካከል። ለ100 ሊትር ሁለት ይበቃሉ፤ ጎልድፊሽ ያድጋል።

ምግቡ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ይሁን። በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ በቀጭን ጎማ ከጠጠሩ ሥር እየሳቡ ይቀይሩ። ስፖንጁን በቀዱት የገንዳ ውሃ እንጂ በቧንቧ አይጠቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃል።

በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ አየር መንፊያው አይጥፋ። መብራት ከጠፋ ምግብ ያቁሙ፤ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከከፍታ መልሰው ያፍስሱ። ዳንግላ ላሉትም ምክሩ ያው ነው።

አንድ አደራ፦ ሲሰለችዎ ዓሣውን ወደ ዘንገና ሐይቅ ወስደው አይልቀቁ፤ ለሚፈልግ ሰው ይስጡት።