ጨለምተኛው ዳኛ

አንድ ተማሪ ሰባት ትምህርቶችን ተፈትኖ በስድስቱ ጥሩ ውጤት፣ በፊዚክስ ግን ዝቅተኛ ውጤት አገኘ እንበል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ፊዚክስን በደንብ አላጠናሁም» ብሎ ያልፈው ነበር። ድብርት ከያዘው ግን «እኔ ለትምህርት አልተፈጠርኩም» ብሎ ይደመድማል፤ ስድስቱንም ውጤቶች «ፈተናው ስለቀለለ ነው» በማለት ከቁጥር ያወጣቸዋል። ማስረጃው አንድ ሲሆን የተለወጠው ፍርዱ ነው።

ይህን የፍርድ መዛባት በስፋት ካጠኑት አንዱ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ዶክተር አሮን ቤክ ናቸው። ቤክ ምርምራቸውን የጀመሩት፣ ድብርት ወደ ራስ የዞረ ቁጣ ነው የሚለውን የፍሮይድን አስተሳሰብ ለማረጋገጥ ነበር። የሕሙማኑን ሕልሞች ሲመረምሩ ግን ከቁጣ ይልቅ ሽንፈትና ማጣት ጎልተው አገኙ። በ1960ዎቹም (እ.ኤ.አ.) ድብርት የያዘው ሰው ራሱን፣ ዓለሙንና መጪውን ጊዜ በአሉታዊ መነጽር እንደሚመለከት ጻፉ።

ትዝታም ከዚህ አያመልጥም። አሳዛኙ ገጠመኝ ፈጥኖ ይታወሳል። «የተደሰትህበትን አንድ ቀን ንገረን» ሲባልም፣ እንዲህ ያለው ሰው ዕለቱንና ቦታውን ከመጥቀስ ይልቅ «ድሮ ከጓደኞቼ ጋር ስሆን» የሚል ጥቅል መልስ መስጠት ያዘወትራል።

ምናልባት እውነቱን የሚያየው ጨለምተኛው ቢሆንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 አሎይና አብራምሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎች ቁልፍ እየተጫኑ አምፖል መብራቱን ምን ያህል እንደሚቆጣጠሩ እንዲገምቱ አደረጉ። ድብርት ያለባቸው ይበልጥ ትክክለኛ ሆነው ተገኙ፤ ሌሎቹ በሌላቸው ሥልጣን ተመኩ። ግኝቱ ለብዙ ዓመታት ሲጠቀስ ኖረ። በ2022 ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ግን ያው ውጤት አልተገኘም። ስለዚህ «ያዘነ ሰው ይበልጥ ያያል» የሚለውን አባባል በጥርጣሬ ብንይዘው ይሻላል እንላለን።

ቤክ ያዳበሩት ሕክምና ሕመምተኛውን «መልካም መልካሙን አስብ» አይለውም፤ እንዲህ ያለው ምክር በድብርት ላለ ሰው ፌዝ ይመስላል። ይልቁንም ሐሳቡን እንደ መላምት ይቆጥርና ለፈተና ያቀርበዋል። ሕመምተኛው በሐኪሙ እየታገዘ «ለትምህርት አልተፈጠርኩም» የሚለውን በወረቀት ያሰፍራል፤ በአንድ በኩል የሚደግፈውን፣ በሌላ በኩል የሚቃረነውን ማስረጃ ይጽፋል። በእኛ ተማሪ ወረቀት ላይ በአንደኛው ወገን ፊዚክስ ብቻውን ይቀመጣል።